ጅሬን ላይ የቆመ እንጨት

የእንጨት ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ስለዚህ ከጅማ ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚሄድ ሰው ዓይኑን ቶሎ ወደ ሰገነቱ ባይሰቅል ይሻለዋል። ጎንበስ ይበልና በመጀመሪያ ምሰሶው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ይመልከት፤ ቀጥሎ የግድግዳውን ግርጌ፣ በመጨረሻም የጣሪያውን ጠርዝ። አናጺ ቤት የሚያየው እንዲህ ከታች ወደ ላይ ነው። ሌሎቻችን ከላይ ጀምረን ጌጡን እናይና ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን።

ጅማ ዝናብ የሚወድ አገር ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድበታል፤ ዝናቡ አዲስ አበባ ከለመደችው ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል። ለቡና የሚስማማው ይህ እርጥበት ለሳንቃ ጠላቱ ነው። ሻጋታ አለ፣ ምስጥ አለ፣ በክረምት አብጦ አልዘጋ የሚል፣ በበጋ ተኮማትሮ ብርሃን የሚያሳልፍ መዝጊያ አለ። በእንዲህ ያለ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ የተገኘ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ስለ ሠሪዎቹ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ቤት ከማሳመር በፊት ቤት ማድረቅን ያውቁ ነበር።

ዘዴው የተሰወረ አይደለም፤ ቆም ብሎ ለሚያይ ሁሉ ክፍት ነው። በረንዳና ሰገነት ሲባል ጌታው ወጥቶ አገር የሚቃኝበት የክብር ቦታ ብቻ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ ከጅሬን ላይ የጅማ ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ላይ ቆሞ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ማየት ለንጉሥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለቤቱ ራሱ የሰገነቱ ሥራ ሌላ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ሲወጣ፣ ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ ቢመጣ እንኳ የግድግዳውን ጭቃ አያገኘውም። የሚረጥበው ውጭ የቆመው ምሰሶ ነው። ምሰሶ ደግሞ ቢበሰብስ ጣሪያውን ለጊዜው ደግፎ አንዱን አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል፤ የተሸከመ ግድግዳ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። አናጺው የትኛው እንጨት እንደሚጎዳ አስቀድሞ አውቆ፣ የሚጎዳውን ሊተካ በሚችልበት ቦታ አቆመው። ይህን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሐሳብ ነው የማደንቀው።

ጌጡን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ቀረብ ይበል። በእጅ የተሠራ የሰገነት መከለያ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ነው፤ ተጠግተው ሲያዩት ግን አንዱ እንጨት ከጎረቤቱ በጥቂት ይወፍራል፣ የአንዱ አንገት ከሌላው ዝቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። አናጺው እያንዳንዱን እንጨት እንደ ጅማቱ አካሄድ ጠርቦታል፤ እንጨቱ ወደ ግራ ካዘነበለ ቢላውም አብሮ ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል፣ አለበለዚያ ይሰነጠቅበት ነበር። የመሣሪያውን ዱካ መለየትም ይቻላል። መጥረቢያ ዓሣ ቅርፊት የመሰለ ጥልቀት የሌለው ጠባሳ ይተዋል። ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ ቀጥ ያሉ፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው እኩል ያልተራራቁ መስመሮችን ያሰምራል፤ ሳቢዎቹ ሲደክሙ መስመሩም ይዘነብላል። የሞተር መጋዝ ክብ ቅርጽ ስላለው የቀስት ቅርጽ ያለው ምልክት ይተዋል። እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ የትኛው ሳንቃ የቆየ፣ የትኛው በእድሳት የገባ እንደሆነ ጠባቂውን ሳትጠይቁ በጣታችሁ ዳስሳችሁ መለየት ትችላላችሁ።

መዝጊያንም ማየት አይከፋም። ሰፊ መዝጊያ ከአንድ ሳንቃ አይሠራም፤ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ከጀርባ በአግዳሚ ይያዛሉ። ጀማሪ አናጺ ሳንቃዎቹን አጥብቆ ቸንክሮ ይጨርሳል፤ በመጀመሪያው ክረምት እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና መሐሉ ይፈነዳል። የበሰለ አናጺ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ለክረምቱ ቦታ ይተውለታል። አጥብቆ መያዝንና ልቅ መተውን በአንድ መዝጊያ ላይ ማስማማት ነው የሙያው ከባዱ ነገር።

ይህን ሁሉ ማን ሠራው? የቤቱ ባለቤት ስም በየመጽሐፉ አለ፤ የአናጺዎቹ ስም የለም። በዚያ ዘመን የጅማ ንጉሥ በጓሮው አንጥረኛም፣ አናጺም፣ ሸማኔም የሚያሠራ ጌታ ነበር። ጅማ የባሪያ ንግድ መተላለፊያና መሸጫም ነበረች፤ የንጉሡ ቤትና እርሻ የሚንቀሳቀሰው በብዙ ባሮች ጉልበት ነበር። ግንዱን ከጫካ ጎትቶ ኮረብታ ላይ ያወጣው ትከሻ በደመወዝ የተቀጠረ ትከሻ ነበር ብሎ መገመት የዋህነት ነው። የሰገነቱን ውበት ሳወራ ይህን ብዘለው ቤቱን ግማሹን ብቻ አይቼዋለሁ ማለት ነው። ጥበቡ የእነሱ ነው፣ ድካሙም የእነሱ ነው፤ ስሙ ብቻ የሌላ ሆነ።

ባለቤቱ ግን እሱም በበኩሉ ሊታይ የሚገባው ሠሪ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር አባታቸው አባ ጎሞል ሲሞቱ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲነግሡ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ጎረምሳ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 እስከሞቱበት ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ገዙ። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል፤ ጅማ ውስጥ እስከ ዛሬ ስለሳቸው ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ይኸው ቁመት ነው። እኔ ግን የሚደንቀኝ ጎንበስ ያሉበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 የሸዋ ጦር እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረገ በኋላ ጅማን ጨምሮ የጊቤ አገሮች ዕጣ ታወቀ። ከሸዋ በኩል ራስ ጎበና እየገፉ ነው፤ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ አንድ በአንድ ነጻነታቸውን አጡ። አንዳንዱ ተዋግቶ ወደቀ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ገበረ፤ መጨረሻው ግን አንድ ነው፣ ከውጭ የመጣ ሹም። ወጣቱ አባ ጅፋር የእናታቸውን የእቴ ጉሚቲን ምክር ሰምተው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ አስቀድመው ገበሩ፤ በምላሹ አገራቸውን በራሳቸው ሹማምንት የማስተዳደር መብታቸውን አስከበሩ። ግብሩ በየዓመቱ በጊዜው ይደርሳል፤ ብሩ፣ ዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ማሩ። ምኒልክ ሲዘምቱ የጅማ ጦርም አብሮ ይዘምታል፤ ኩሎ ላይ፣ ወላይታ ላይ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1897 ካፋ ላይ። ጎረቤቶቹ ላይ መዝመቱን ያልወደደላቸው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው ጅማ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጠንክረው ሲሰበሩ ይሄኛው አብጦ እየተኮማተረ ቆየ።

የውስጡ አሠራርም ልቅ አልነበረም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጅማ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ ያንን አስተዳደር እንደ ሰዓት ፈቶ ያሳያል። አገሩ በ60 ያህል አውራጃዎች ተከፍሎ እያንዳንዱ በአንድ አባ ቆሮ ይመራ ነበር፤ አባ ቆሮዎቹ በዘር ርስት የተቀመጡ ሳይሆኑ ንጉሡ የሚሾማቸውና የሚሽራቸው ነበሩ። ድንበሩ በኬላ የታጠረ ነበር፤ ነጋዴ በሩን አልፎ የሚገባውም የሚወጣውም ቀረጥ ከፍሎ ነው። በዚያ ቀረጥ ላይ ከሁሉም በላይ የምትቀመጠው ሂርማታ ነበረች፤ የሐሙስ ገበያ፣ ከደቡብ ምዕራብ ሁሉ ነጋዴ የሚወርድባት። ዛሬ ጅማ ብለን የምንጠራት ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በዚያ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች ጅማን ሕዝብ የበዛበት፣ ንግዱ የደራ፣ ጥሩ የብረት ሥራና ጨርቅ የሚወጣበት አገር አድርጎ አስቀምጧታል። ልብ በሉ፤ የውጭ ሰው መጥቶ ያየው ዝሆን ጥርሱን ብቻ አይደለም፣ እጅ ሥራውን ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሥራ በወረቀት እየተሠራ ነበር። አልፍሬድ ኢልግ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1854 የተወለደ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ገብቶ የምኒልክ ባለሟል ሆኗል። ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ ስፋልኝ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራልኝ ብለው ሞከሩት ይባላል። ሁለቱንም ሠራ፤ ከዚያ ድልድይ፣ ቤተ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ። በዚያው ዓመት ኢልግ ከምኒልክ የባቡር ሐዲድ ውል ተቀበለ፤ ለ99 ዓመት። በውሉ ላይ መስመሩ በሦስት ተከፍሏል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ካፋና ነጭ ዓባይ።

ሦስተኛውን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። ውሉ ሲፈረም ካፋ ገና የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ጋኪ ሼሮቾ የተያዘው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ባቡሩ ጦሩን ቀድሞ ወረቀት ላይ ካፋ ገብቶ ነበር። ከእንጦጦ ተነሥቶ ካፋ የሚሄድ ሐዲድ ደግሞ ጅማን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ ብዙ አይደለም። እንግዲህ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ቆመው የባቡር ጭስ ማየት ነበረባቸው ማለት ነው።

አላዩም። ኢልግና አጋሩ ፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔ ኩባንያ አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ1897 ሐዲዱን ከጅቡቲ ማንጠፍ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር መውጣቱ ቀርቶ ድሬዳዋ የሚባል አዲስ ከተማ ተመሠረተ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተጨቃጨቁበት፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ያኔ ምኒልክ ሞተዋል፣ ኢልግም ከአንድ ዓመት በፊት አገሩ ዙሪክ ላይ አርፏል። 784 ኪሎ ሜትር ተሠራ፤ ካፋ የሚለው ቃል ግን ከወረቀቱ አልወጣም። በዘመናችን በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ በኩል ጅማ፣ ከዚያ ጉራፈርዳና ዲማ የሚሄድ መስመር ተጽፎ ነበር። እሱም አልተሠራም። ሐዲዱ ለጅማ ሁለት ጊዜ በወረቀት ደርሶላታል።

በነገራችን ላይ ያ ዘመን በየትኛውም አገር የባቡር ሕልመኞች ዘመን ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ሰር ኤድዋርድ ዋትኪን የሚባል የፓርላማ አባል ነበረ፤ የበርካታ የባቡር ኩባንያዎች ሊቀ መንበር። ከእንግሊዝ ፈረንሳይ በባሕር ሥር ባቡር ላስኬድ ብሎ ዋሻ አስቆፈረ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል የአገሩ ጄኔራሎች ‹‹ጠላት በዚህ ይገባብናል›› ብለው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1882 አስቆመበት። ቀጥሎ ለንደን አጠገብ ዌምብሌ ላይ ከፓሪሱ ኤፌል ግንብ የሚበልጥ የብረት ግንብ ጀመረ። መጀመሪያው እርከን ብቻ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ለሕዝብ ተከፈተ፤ መሠረቱ ስለሰመጠ ከዚያ በላይ አልሄደም፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ፈርሶ አለቀ። ዛሬ ቦታው ኳስ ሜዳ ነው። ዋትኪንን እንደ እብድ የሚያወሩበት አሉ፤ እኔ እንኳ እብድ አልለውም፣ የቆፈረው ዋሻ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ እውን ሆኗልና። ነገር ግን በአንድ ዘመን የኖሩት ሁለት ፖለቲከኞች፣ ዋትኪንና አባ ጅፋር፣ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ብረት ያዘዘው ሰው ግንብ አንድ ትውልድ አልቆየም፤ ከጫካው እንጨት ያስጠረበው ሰው ቤት አሁንም ኮረብታው ላይ ነው።

ሐዲዱ ባልመጣበት የጅማ ቡና በምን ወጣ? በበቅሎ። ነጋዴ ከጎማና ከሊሙ፣ ከጌራና ከማና የሰበሰበውን በስልቻ አድርጎ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ሳምንታት ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ1917 በኋላ ቡናው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚወርደው በባቡር ነው። ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏል። ስለ በቅሎ ጭነት ኮርቻ ግን የጻፈ ስንት ሰው ነው? የጭነት ኮርቻ ክብደቱን በእንስሳው አከርካሪ ላይ ሳይሆን በጎኖቹ ላይ የሚያሳርፍ የእንጨትና የቆዳ ሥራ ነው። አንድ ጣት ያህል የተሳሳተ ኮርቻ በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን ያቆስላል፤ የቆሰለች በቅሎ ደግሞ ጊቤን አትሻገርም። የጅማን ሀብት ለአርባ ለሃምሳ ዓመት የተሸከመው የዚያ ሠሪ ልኬት ነው።

ከሰገነቱም ከኮርቻውም በላይ ግን እኔ የጅማን በርጩማ አስቀድማለሁ። ይህን የምለው ቤተ መንግሥቱን ለማሳነስ አይደለም። ቤት ብዙ ሰው ይሠራዋል፤ ስሕተት ቢኖር በልስን ይሸፈናል። በርጩማ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ግንድ፣ አንድ መጥረቢያና አንድ መሮ ነው፤ የሚሸፈን ነገር የለም።

ሦስቱ እግሮች፣ መቀመጫው፣ መደገፊያ ያለው እንደሆነም መደገፊያው፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ ይወጣሉ። ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም፣ መጋጠሚያ የለም። እንጨቱ በአብዛኛው ዋንዛ ነው፤ ዋንዛ ቀላል፣ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፣ ምስጥም እምብዛም የማይደፍረው ነው። ንቦች የሚወዱት አበባው ጅማ አካባቢ ቡና ጥላ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ግንዱ ደግሞ በርጩማ፣ ከበሮ፣ በር፣ ገበታ ይሆናል። አንድ ዛፍ ይህን ያህል ሥራ ካገኘ ባለሙያዎቹ ዛፉን አውቀውታል ማለት ነው።

ጥሩ ጠራቢ ሥራውን የሚጀምረው እንጨቱ ገና እርጥብ እያለ ነው፤ እርጥብ ዋንዛ መሮን አይቃወምም። ዋናው ነገር ግን ከመጥረብ በፊት ያለው ውሳኔ ነው። የግንድ ልብ፣ ያ መሐል ላይ ያለው ነጥብ፣ እንጨት ሲደርቅ ስንጥቅ የሚነሣበት ቦታ ነው። በርጩማው መሐሉ ላይ ያን ልብ ይዞ ከተጠረበ መቀመጫው አንድ ቀን ከመሐል እስከ ጠርዝ ይከፈታል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ግንዱን ለሁለት ይሰነጥቅና ልቡ የሌለበትን ጎን ይወስዳል። ግማሹን ግንድ አጠፋ ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ ያላጠፋው ሰው በርጩማ በዓመቱ ማገዶ ይሆናል።

ቀጥሎ እግሩ ነው። የእንጨት ጅማት ከእግሩ ጋር አብሮ ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት፤ ጅማቱ እግሩን በአግድም ከቆረጠው ወፍራም ሰው የተቀመጠ ዕለት እግሩ ቀጭ ይላል። ሦስቱም እግሮች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ስለዚህ ጅማቱም ከእያንዳንዱ ጋር ትንሽ መዘንበል አለበት። ጠራቢው ይህን የሚያገኘው ግንዱ ራሱ ወደ ሥሩ ሲሰፋ ያለውን ቦታ መርጦ ነው። ሞዴል የለውም፣ ሥዕልም አያነሣም፤ ዛፉን ገና ቆሞ ሳለ አይቶ በርጩማውን ውስጡ አይቶታል።

ለምን ሦስት እግር? አራት እግር ያለው ወንበር ጠፍጣፋ ወለል ይፈልጋል፤ ወለሉ ከተዛባ አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀርና ይወዛወዛል። ሦስት እግር ግን በማንኛውም መሬት ላይ፣ በጭቃ ወለል ላይ፣ በግቢ ሣር ላይ፣ በቡና ማሳ ጥላ ሥር፣ ሁሌም ይቆማል። ይህን የጂኦሜትሪ መምህር ያረጋግጥላችኋል፤ የጅማ ጠራቢ ግን መምህሩ ሳይነግረው ያውቀዋል።

ከመደገፊያ ጋር የሚሠራው ወንበር ደግሞ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። መቀመጫውና መደገፊያው በአንድ ግንድ ላይ ሲወጡ አብዛኛው እንጨት ፍልጥ ሆኖ ይቀራል። መደገፊያው ላይ ብዙ ጊዜ ክብ፣ መስቀለኛ መስመር፣ ሽቦ የመሰለ ጠለፋ ይቀረጻል፤ አንዳንዱ ላይ መደገፊያው ራሱ ተበስቶ ብርሃን ያሳልፋል። የሰው ወይም የእንስሳ ምስል እምብዛም አይታይም፤ ጅማ የሙስሊም አገር ናት፣ ጠራቢዎቹም መስመርና ልኬትን መርጠዋል። አንድ መስመር ከተሳሳተ መደምሰስ የለም። አሮጌ ወንበር ስታዩ ጫፎቹ ላይ የመስመሮቹን ስብሰባ ተመልከቱ፤ መስመሮቹ ጥግ ላይ ሳይጨናነቁ በእኩል ከተገናኙ ሠሪው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ሳለ የመጨረሻውን አስቦታል። ካልተገናኙ ደግሞ ተማሪ ነው፤ እሱም ደግ ነው፣ ተማሪ ከሌለ መምህር የለም።

ቀለሙ ከጊዜ ነው የሚመጣው። አዲስ ዋንዛ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በዕለት ተዕለት ጭስ፣ በቅቤ በተቀባ እጅና በመቀመጥ ብዛት ይጠቁራል፣ ያበራል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ አዲሱን በጥላሸት አጥቁሮ አሮጌ ነው ብሎ ይሸጣል፤ ብትገዙ በጥፍራችሁ ከሥሩ ፋቅ አድርጉት። እውነተኛው ጥቁረት ውስጥ ገብቷል፤ የውሸቱ ጣታችሁ ላይ ይቀራል።

በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በጌራ ቤቶች ይህ በርጩማ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ነው፤ ቡና የሚፈላበት። አጠገቡ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተፈለፈለ ሙቀጫ ይኖራል። ሙቀጫ ከበርጩማ የተለየ ሙያ ነው፤ ግድግዳው ከታች ወፈር፣ ከላይ ሳሳ ይላል፣ ዘነዘናው ሲወርድ የሚመታው ሥሩን ነውና። ባህር ማዶ የሚላከው ቡና ስሙ በየጆንያው ተጽፎበት ይሄዳል፤ ሊሙ፣ ጅማ። ቡናው የተወቀጠበትንና የተቀመጡበትን እንጨት የሠሩት ግን ስም የላቸውም።

አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1932 ሞቱ። የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ለጥቂት ጊዜ ሞከሩ፤ አዲስ አበባ ግን ያንን ልቅ ትስስር ወዲያው አጠበቀው፣ የጅማ መንግሥትም አበቃ። ከአራት ዓመት በኋላ ጣሊያን መጥቶ ጅማን የጋላና ሲዳሞ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ሂርማታ ገበያ ዙሪያ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተማ ተሠራ። የጅሬን ኮረብታ ከሥልጣን ወረደ፤ ለእንጨቱ ግን ይህ ምናልባት ደግ ሆነለት፣ ማንም አፍርሶ በሲሚንቶ ሊሠራው አልቸኮለም።

እንጨቱን የጎዳው ጊዜና ችላ መባል ነው። በቅርብ ዓመታት እድሳት ተደርጎለታል፤ የንጉሡ ዕቃዎች የሚገኙበት ሙዚየምም ጅማ ከተማ ውስጥ አለ። እድሳት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የበሰበሰውን ሳንቃ አውጥቶ በባሕር ዛፍ ጣውላ ተክቶ በቀለም ይሸፍናል፤ በዓመቱ ጣውላው ተጣሞ ጎረቤቱን ይስባል። ሌላው በዋንዛ ፋንታ ዋንዛ፣ በዝግባ ፋንታ ዝግባ ይፈልጋል፣ አድርቆ ይጠብቃል፣ ክፍተቱን ለክረምት ይተዋል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

ጅማ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ከእነሱ መካከል መሮ በደንብ የሚይዙትን ከአዛውንት በርጩማ ጠራቢዎች ጋር አገናኝቶ ይህን ቤት እንዲጠብቁ ማድረግ የከተማው አስተዳደር፣ የኦሮሚያ የባህልና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊያቅታቸው የማይገባ ሥራ ነው። ከእንግዲህ አንድ ሳንቃ የሚለውጥ አናጺ ደግሞ ከሳንቃው ጀርባ ስሙን፣ ዓመቱንና የእንጨቱን ዓይነት ይጻፍበት።